የአሳማ ልብና የጉሮሮ ሕመም

እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 2022 «አሜሪካ ውስጥ ለሰው የአሳማ ልብ ተገጠመ» የሚል ዜና ሲመጣ፣ እዚህ አዳማ ግማሻችን አማተብን፣ ግማሻችን «አስተግፊሩላህ» አልን። አይፈረድብንም። ነገሩ ግን ታሪክ አለው።

በ1964 ጄምስ ሃርዲ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የቺምፓንዚ ልብ ለሰው ገጠመ፤ ልቡ ትንሽ ስለነበር ሰውየው ብዙ ሳይቆይ ሞተ። በ1984 የዝንጀሮ ልብ የተገጠመላት ጨቅላ፣ «ቤቢ ፌይ»፣ 20 ቀን ገደማ ኖረች። የ2022ቱ ዴቪድ ቤኔት ሁለት ወር ቆየ። አሳማው የተመረጠው ልቡ በመጠን ከሰው ስለሚቀራረብ ነው። የሰውነት መከላከያ «ባዕድ ነህ» ብሎ እንዳይዋጋው ደግሞ ዘረመሉ አስቀድሞ ተነካክቷል።

እኛን ምን አገባን? ያገባናል። ያው መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ልባችንንም ይወጋል። ልጁ ጉሮሮውን ሲያመው «ቶንሲል ነው፣ ይተወዋል» እንላለን፤ ወይ «እንጥሉ ወርዷል» ብለን እናስቆርጣለን። ባክቴሪያው ሳይታከም ሲቀር፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ መከላከያው የልብን በር (ቫልቭ) ያቆስላል። የሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይሄ ነው። በሩ ሲበላሽ ልብ ይደክማል።

ያኔ ቀዶ ጥገና ይመጣል። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃን ሲመሠርቱ ልጆቹ ለቀዶ ጥገና ባሕር ማዶ ይላኩ ነበር። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ማዕከሉ የተከፈተው በ2009 ነው። የሚቀየረው ቫልቭ ሰው ሠራሽ ከሆነ ዕድሜ ልክ ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ ከእንስሳ አካል የተዘጋጀው ደግሞ በልጆች ላይ ቶሎ ያረጃል። አዎ፣ የአሳማ ቫልቭ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሰው ደረት ውስጥ አለ። አማትባችሁ ስትጨርሱ ቀጥሉ።

ፔኒሲሊን የተገኘው በ1928 ነው፤ ከነዚህ የልብ ታሪኮች ሁሉ ይቀድማል። የጉሮሮውን ባክቴሪያ ይገድላል። አንዴ የሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅም በየሦስት ወይ በየአራት ሳምንቱ መርፌውን ከወሰደ ልቡ ከዳግም ጉዳት ይጠበቃል። በ2015 አዲስ አበባ ላይ የመከሩ የአፍሪካ ባለሙያዎች ከጠየቋቸው ሰባት ነገሮች አንዱ ይሄው መርፌ እንዳይጠፋ ነበር።

ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ላላችሁ ሁሉ፣ የአሳማውን ልብ ሳይንቲስቶቹ ይጨነቁበት። እኛ የታናሽ ወንድማችንን ጉሮሮ እናሳክም።