የአራዳ መኖሪያ ቤትና ሰፈሩ

የአራዳን መኖሪያ ቤት ታሪክ ከሰፈሩ ታሪክ ለይቶ መጻፍ አስቸጋሪ ነው፤ ቤቱ በራሱ አጥር ውስጥ ያልያዘውን ብዙ ነገር ሰፈሩ ይይዝለት ነበርና። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የከተማዪቱ አሰፋፈር የጦር ሠራዊት ድንኳን ሲጥል የሚከተለውን ሥርዓት የተከተለ ስለነበር፣ እያንዳንዱ መኮንን ከፍ ባለ ቦታ ላይ ግቢውን ሲያሳጥር አሽከሮቹና ጭፍሮቹ ዙሪያውን ጎጆ ቀለሱ። ደጃች ውቤ ሰፈር ባለግቢው በሞተ በብዙ ዓመቱም ስሙን ይዞ የቀረው ከዚሁ የተነሣ ሲሆን፣ ሠራተኛ ሰፈር ደግሞ በጌታ ሳይሆን በእጅ ባለሙያዎች ሥራ የተጠራ ነው።

አራዳን ከሌሎቹ ሰፈሮች የለየው ገበያው ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም በነበረው ገበያ ዙሪያ የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ሆቴልም በዚያው ዘመን ለእንግዶች ተከፈተ። ለገበያው ቅርብ መሆን የፈለጉት የህንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች በዚህ ሲሰፍሩ የሱቅና የመኖሪያ ጥምር የሆነ የቤት ዓይነት ተስፋፋ፦ ምድር ቤቱ በድንጋይ ተገንብቶ ለንግድ ይውላል፤ ፎቁ በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ ቤተሰብ ይኖርበታል፤ ዙሪያውን የእንጨት በረንዳ ይከበዋል፤ ወደ ላይ የሚያወጣው ደረጃም ብዙ ጊዜ ከውጭ ነው። የአገሩ መኳንንትም ይህን አሠራር ወደዱት። የቢትወደድ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤት፣ በኋላ የማዘጋጃ ቤት ሥራ የተካሄደበት፣ ከነዚህ አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ አብዛኛው የአራዳ ነዋሪ የኖረው በነዚህ ቤቶች በረንዳ ላይ ሳይሆን ከጀርባቸው ተያይዘው በተሠሩት የጭቃ ቤቶች ውስጥ ነው፤ የሥነ ሕንፃ መጻሕፍት ግን ስለ በረንዳው እንጂ ስለ ጓሮው ብዙም አይናገሩም። የጭቃ ቤት የሚባለው የእንጨት ማገር በጭድና በጭቃ ተመርጎ፣ ቆርቆሮ የሚለብስ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ አባወራ ተጠግቶ ስለሚኖር ማድቤቱና ሽንት ቤቱ የጋራ ነበሩ፤ ውኃም የሚቀዳው ብዙ ጊዜ ቦኖ ከሚባለው የመንገድ ዳር የሕዝብ ቧንቧ ነበር። እህሉ በወፍጮ ቤት ይፈጭ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ጠጅ ቤት ነበር፤ ወጣቱ እሑድን በሲኒማ ኢትዮጵያ ወይም በኬክ ቤት ያሳልፍ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ቤቱን የሚያሰፋው እድር ነበር፤ ለቀብርና ለልቅሶ መረዳጃ ተብሎ የሚቋቋመው ይህ ማኅበር ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሩን ሲያመጣ፣ አንድ ክፍል ብቻ ያለው ሰው መንገዱን አዳራሽ አድርጎ መቶ ለቀስተኛ ማስተናገድ ይችል ነበር።

ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ዋናውን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ቦታ ቢያዛውሩትም፣ ለአራዳ ማእከል ፒያሳ የሚለውን ስም ትተውለት ሄዱ፤ የወርቅ ቤቶቹና የካፌዎቹ ፒያሳም ከዚያ ወዲህ ያደገ ነው። የቤቱን ውስጥ ይበልጥ የለወጠው ግን የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ ስላልፈቀደ፣ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ትርፍ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ድርጅት ተላለፉ። ኪራዩ በመቀነሱ ተከራዩ ተጠቀመ፤ ገቢው አነስተኛ የሆነው ቀበሌ ግን ጣሪያ ለመቀየር እንኳ አቅም አጣ፤ ብዙ ሳሎንም በኮምፔርሳቶ እየተከፈለ የሁለትና የሦስት ቤተሰብ መኖሪያ ሆነ።

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያንና እሪ በከንቱን ጨምሮ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ለመልሶ ማልማት ሲፈርሱ ነዋሪው ወደ ከተማዪቱ ዳርቻ ተዛወረ። የቀበሌ ቤት ተከራይ የነበረው በምትኩ የኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ የኪራይ ቤት ሲቀርብለት፣ የግል ባለይዞታው ካሣና ምትክ ቦታ እንዲያገኝ ተደርጓል፤ እድሩን፣ ወፍጮ ቤቱንና የደንበኛውን ሱቅ ግን ምትክ ቤት ብቻውን አይመልሳቸውም።