ካርታና ቃል፦ የባዕድ ቤት ታሪክ ከልደታ ሲታይ

በሰኔ 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ዜጎች በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዲሆኑ የሚፈቅድ አዋጅ አጸደቀ። መነሻው 150 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ነው፤ ከዚያ በታች ለሆነ ቤት በሩ ዝግ ነው። ክርክሩ ወዲያው ሁለት ጎራ ለየ። አንደኛው ወገን አገር ተሸጠ ብሎ ሲቆጣ፣ ሌላው የውጭ ምንዛሬ ሊመጣ ነው ብሎ ተደሰተ። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ሳይመረምሩ ተቀብለዋል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ዜጋው ባለቤት፣ ባዕዱ ደግሞ ተከራይ ነበር የሚለውን። የአዲስ አበባ የቤት ታሪክ ይህን አይመሰክርም። ከከተማዋ ምሥረታ ጀምሮ ዜጋውም ባዕዱም ቤት የያዙት በባለሥልጣን ፈቃድ ነው፤ ያጡትም ፈቃዱ በተለወጠ ጊዜ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ባዕድ ይግዛ ወይስ አይግዛ ከሚለው ይቀድማል፦ እዚህ አገር የቤት ወረቀት የሰጪው መንግሥት ሐሳብ ቢለወጥም ይጸናልን? ይህን ለመመርመር የአዲስ አበባው ልደታ ሰፈር ጥሩ መቆሚያ ነው። የቀድሞው አውሮፕላን ማረፊያ፣ የቀበሌ ቤቶች መንደር፣ ከፍርስራሹ ላይ የበቀለው ኮንዶሚኒየም፣ የቤት ክርክር የሚሰማባቸው ችሎቶች ሁሉ በዚሁ አካባቢ ተገናኝተዋል።

ከከተማዋ በፊት በነበረው ልማድ የመሬት ይዞታ፣ ማለትም ርስት፣ የሚገኘው ከዘር ሐረግ ነበር። አባት እናቱን ቆጥሮ ከአቅኚው የማይደርስ ሰው፣ የሌላ አገር ዜጋ ቀርቶ የሌላ ወረዳ ሰውም ቢሆን፣ በርስት መንደር ውስጥ ባይተዋር ነው። አዲስ አበባ ግን የርስት ከተማ ሆና አልተቆረቆረችም። ከ1879 ዓ.ም. በኋላ ሰፈሮቿ የተደለደሉት በንጉሠ ነገሥቱ ስጦታ ሲሆን፣ መኳንንቱ በየኮረብታው ላይ ሲሰፍሩ ጭፍሮቻቸው በዙሪያቸው ተሰበሰቡ። ባዕዳኑም የገቡት በዚሁ በር ነው። ከአድዋ ድል በኋላ የመጡት የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሩሲያ ሌጋሲዮኖች ሰፋፊ ግቢ ከምኒልክ እጅ ተቀበሉ፤ አርመኑ አንጥረኛ፣ ሕንዱ ግንበኛና ግሪኩ ነጋዴም ቦታ ያገኙት ከቤተ መንግሥቱ ጋር ባላቸው ቅርበት መጠን ነበር። በ1900 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ደንብ የአዲስ አበባን መሬት የሚለካ፣ የሚመዘገብና የሚሸጥ አደረገው። በዚያው ዓመት በጥር ወር ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውል ደግሞ የውጭ ዜጎች በቆንስላቸው እንዲዳኙ ፈቀደ። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ ቦታ የሚገዛ ነገር ሲሆን፣ ባዕዱ ስለ ቦታው የሚሟገትበት የተለየ ዳኛ አገኘ ማለት ነው። ያ ትውልድ ስለ ባዕድ ባለቤትነት የነበረው ሥጋት ከዚህ የመነጨ ነው። ያስፈራው ፈረንጅ ቤት መያዙ ብቻ አልነበረም፤ በቤቱ ጉዳይ የአገሩ ዳኛ የማያዝበት መሆኑ ጭምር ነበር።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተመለሰው መንግሥት ይህን ፍርሃት ይዞ መጣ፤ ምክንያትም ነበረው። የወረራው ዘመን አስተዳደር ነጩን ለብቻ፣ አገሬውን ለብቻ የሚያሰፍር ከተማ አቅዶ፣ የአገሬውን ገበያ ወደ አዲስ ከተማ ገፍቶ፣ ለሹማምንቱ በካዛንቺስ ቤት ሠርቶ ነበር። ሆኖም ነፃነት ሲመለስ ባዕዳን ከከተማዋ አልወጡም። ልደታ አጠገብ በደጃዝማች ባልቻ ስም የተጠራው ሆስፒታል በሶቪየት ቀይ መስቀል ተቋቋመ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. እገዛ ተመሥርቶ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ ሜዳው ልደታ ነበር። አየር ማረፊያው በ1950ዎቹ ወደ ቦሌ ሲዛወር አካባቢው አሮጌው ኤርፖርት የሚለውን ስም ይዞ ቀረና የዲፕሎማቶችና የድርጅት ሠራተኞች የቪላ መንደር ሆነ። እዚያ ቪላውን የሚሠራው ኢትዮጵያዊ፣ የሚከራየው ባዕድ ነበር፤ ይህን አሠላለፍ ሕግም ደገፈው። በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በረኔ ዳቪድ የተረቀቀውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 390 ላይ ማንም የውጭ አገር ሰው ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ሊሆን አይችልም አለ። በቅን ልቦና ቤት ይዞ የተገኘ ባዕድም በ6 ወር ውስጥ ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍ አዘዘ። ክልከላው ሙሉ እንዳልነበረ ልብ ይሏል፤ ንጉሡ የፈቀደለት ይይዛል። የምኒልክ ዘመን ልማድ የሕግ ቁጥር ተሰጠው እንጂ አልተሻረም።

ባዕድ ከተከለከለ ዜጋው ይጠበቃል የሚለው እምነት በ15 ዓመት ውስጥ ፈረሰ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲኖረው፣ ለመኖሪያ የሚሰጥ ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ለመሬቱ ካሳ አልተከፈለም። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለመንግሥት የኪራይ ቤቶች ድርጅት ተሰጡ። ለአዋጁ ፍትሐዊነት የሚከራከሩ ሰዎች ትልቅ ማስረጃ አላቸው። ከአብዮቱ በፊት የአዲስ አበባ ቦታ በጥቂት ባለቦታዎች እጅ ተከማችቶ ነበር፤ ጭሰኛው ብቻ ሳይሆን የከተማው ተከራይም በባለቤቱ ምሕረት ያድር ነበር። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን አዋጁ ባለንብረቱን ለወጠ እንጂ ለተከራዩ የባለቤትነት ወረቀት አልሰጠውም። የትናንቱ የባላባት ተከራይ ዛሬ የቀበሌ ተከራይ ሆነ። አርመኑም፣ ግሪኩም፣ ሕንዱም፣ ኢትዮጵያዊውም ትርፍ ቤቱን ያጣው በአንድ አዋጅ፣ በአንድ ቀን ነው። ፓስፖርት በዚያ ቀን ልዩነት አላመጣም።

የባዕድ ሕግ ዜጋውን ሊነካ እንደሚችል ከሁሉ በላይ በግልጽ የታየው ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በቆየው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ወቅት ነው። በዚያ ጊዜ የኤርትራ ተወላጅነት ያላቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከኢትዮጵያ ተባረሩ። ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ዜጋ ሆነው ቤት የሠሩና የገዙ ነበሩ። ዜግነታቸው ሲነሳ፣ ለፈረንጅ ተብሎ የተጻፈው ክልከላ በእነሱ ላይ ሠራ፤ ባዕድ ሆነዋልና ቤታቸውን ይሽጡ ተባለ። በሄግ የተቀመጠው የሁለቱ አገሮች የካሳ ኮሚሽን በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. በሰጠው ከፊል ውሳኔ ሁለቱን መንግሥታት በየበኩላቸው በሲቪሎች ላይ ለፈጸሙት ተጠያቂ አድርጓል፤ በኢትዮጵያ በኩል ከተነሱት ነጥቦች አንዱ የተባረሩት ሰዎች ንብረታቸውን ያጡበት አኳኋን ነበር። የጦርነት ጊዜ ልዩ ነው ይባል ይሆናል። ግን የባለቤትነት መብት የሚፈተነው በሰላም ቀን አይደለም። ባለቤትነት በዜግነት ላይ ብቻ ከቆመ፣ ዜግነት የሚሰጥና የሚነሳ ሲሆን ቤቱም አብሮ ይነሳል።

በተቃራኒው አቅጣጫም ያው ነገር ታይቷል። አሜሪካና አውሮፓ ሄደው የሌላ አገር ፓስፖርት የያዙ ኢትዮጵያውያን በሕግ ፊት ባዕድ ሆኑ። የአባታቸው ቤት ያለበትን ሰፈር እያወቁ ቤት መግዛት የማይችሉ ሰዎች በዙ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለውን፣ በመስጠት ብዙዎቹን ገደቦች አነሳላቸው። የአዲስ አበባ የቤት ገበያ ከዚያ ወዲህ የውጭ ገንዘብ የሚፈስበት ሆኖ ቆይቷል፤ የ2017ቱ አዋጅ ባዶ ሜዳ ላይ አልወጣም። ኢትዮጵያውያን ራሳቸውም በሰው አገር ባለቤት መሆንን ከጥንት ያውቁታል። የኦቶማን መንግሥት በ1867 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከሒጃዝ በቀር ባለው ግዛቱ ባዕዳን ርስት እንዲይዙ ከፈቀደ በኋላ፣ ከኢየሩሳሌም ቅጥር ውጭ የኢትዮጵያውያን ይዞታ ሰፋ። በአፄ ዮሐንስ የተጀመረው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት በምኒልክ ዘመን ተፈጸመ፤ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱም እዚያው ቤት አሠሩ፤ የቤቶቹም ኪራይ ለመነኮሳቱ መደጎሚያ ሆነ። የእኛ ነገሥታት በባዕድ ከተማ ቤት ሲያሠሩ ያን ከተማ እንደገዙ አልቆጠሩም፤ የሕግ ከለላ ባለበት ንብረት አስቀመጡ።

ወደ ልደታ ስንመለስ፣ ባዕድ ከገባ ድሃው ይፈናቀላል የሚለው ዋነኛ ተቃውሞ ከታሪክ ጋር ይጋጫል። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት የልደታ ነባር መንደር ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ የውጭ ገዥ አልነበረም። ቦታውን የወሰደው ከተማው ነው፤ የተነሣው በአብዛኛው የቀበሌ ተከራይ ነው። የግል ቤት ያለው ምትክ ቦታና ካሳ፣ የቀበሌ ተከራይ ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት እንዲመርጥ ተደረገ፤ ቅድሚያ ክፍያውን መክፈል ያልቻለ ግን ምርጫው ጠባብ ነበር። ስሙ በኪራይ ውሉ ላይ ያልተጻፈ ደባል የሚጠይቀው ነገር አልነበረውም። ፎቆቹ ንጹሕ ውሃ፣ መጸዳጃና በስም የተመዘገበ ካርታ ያመጡላቸው ቤተሰቦች መኖራቸውን መካድ አይቻልም። ልዩነቱን የፈጠረው ግን ወረቀት ነው፤ ወረቀት የነበረው ተቆጠረ፣ ያልነበረው ተረሳ።

የውጭ ገዥ የቤት ዋጋ ያንራል የሚለው ሥጋት ግን ቁም ነገር አለው፤ በቀላሉ አይታለፍም። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር የያዘ ገዥ ጉልበቱ ጨምሯል። 150 ሺህ ዶላር ያለው ሰው ከመምህርና ከነርስ ጋር ለአንድ ቤት አይሻማም፤ ገንቢው ግን ሲሚንቶውን፣ ብረቱንና ቦታውን ለማን እንደሚያውል ይመርጣል። ሌሎች አገሮችም ለዚህ መላ ፈልገዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት ባዕድ መሬት የሚይዘው ከ99 ዓመት ባልበለጠ ሊዝ ነው ይላል፤ ጋና በ50 ዓመት ትገድበዋለች፤ ታይላንድ መሬቱን ከልክላ በአንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እስከ 49 በመቶ ትፈቅዳለች። እኛ ጋ መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ ባዕዱም ዜጋውም የሚያገኙት ቤትና የተወሰነ ዘመን የመጠቀም መብት ነው። አገር ተሸጠ የሚለው ቁጣ ይህን ይዘነጋል። የዋጋ ወለሉ ግን ድሃውን ብቻውን አይጠብቅም፤ ከገንዘቡ የሚገኘው ግብር ወደ ርካሽ ቤት ግንባታ ካልሄደ ወለሉ ለሀብታም የተከለለ ገበያ ይሆናል።

በእኔ እምነት አዲሱ አዋጅ የሚመዘነው ስንት ዶላር አስገባ በሚለው አይደለም። የሚመዘነው የውጭ ገዥ ቤቱን ያለ አግባብ ሲነጠቅ ልደታ ችሎት ከስሶ መንግሥትን መርታት መቻሉ ላይ ነው፤ ከዚያም በላይ ያው ችሎት ለቀበሌ ተከራዩ ያንኑ ፍርድ መስጠቱ ላይ ነው። ባዕዱ በውልና በኤምባሲው እየተጠበቀ ዜጋው እንደ ድሮው በደብዳቤ የሚነሣ ከሆነ፣ በ1900 ዓ.ም. በቆንስላ ዳኝነት የተፈጠረው መበላለጥ በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት የባዕድ ባለቤትነትን የምንደግፍ ሰዎች ልንጠይቅ የሚገባን የመጀመሪያ ነገር የባዕድ መብት አይደለም። ምክር ቤቱ ለባዕድ በር የከፈተ አዋጅ ለማውጣት ጊዜ ካገኘ፣ በቀበሌ ቤት 40 እና 50 ዓመት የኖረ ቤተሰብ የሚኖርበትን ቤት በተመጣጣኝ ዋጋ ገዝቶ በስሙ ካርታ የሚያወጣበትን አዋጅ ለማውጣትም ጊዜ ሊያገኝ ይገባል፤ ቅደም ተከተሉም ይህኛው ቀድሞ መሆን ነበረበት።