ስለ አጥርና ስለ ታፔላ፦ በአሜሪካ ከተሞች ከደንብ የመለየት ፈቃድ አጭር ታሪክ



የዛሬው ርዕሴ በመጀመሪያ ሲሰሙት ለታሪክ ንግግር የሚበቃ አይመስልም። የምናገረው ስለ አጥርና ስለ ታፔላ ነው። አንድ አሜሪካዊ የቤት ባለቤት ደንቡ ከሚፈቅደው ከፍ ያለ አጥር ማጠር ሲፈልግ፣ አንድ ባለ ሱቅም ሰፋ ያለ ታፔላ መስቀል ሲያሻው፣ የአካባቢው ቦርድ «ይሁን» ወይም «አይሆንም» የሚለው በምን መለኪያ ነው? አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ብለዋል። ጉዳዩ ስላነሰ ፍርዱ አይቀልም፤ እንዲያውም አብዛኛው ሰው ከመንግሥት ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው እንዲህ ባለው ትንሽ ጉዳይ ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አሳስባለሁ።

ለዚህ ጥናት መነሻ የሆነኝን አንድ ምሽት ላስታውስ። የዶክትሬት ጥናቴን በኒው ዮርክ ግዛት በምሠራበት ዘመን፣ ስሟን በማልጠቅሳት አንዲት ትንሽ ከተማ የዞኒንግ ይግባኝ ቦርድ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። አንድ አዛውንት ቀረቡ። ቤታቸው ሁለት መንገዶች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ነው። ደንቡ በመንገድ በኩል ከ4 ጫማ በላይ አጥር አይፈቅድም፤ እሳቸው ግን 6 ጫማ ጠየቁ። ባለቤታቸው የመርሳት ሕመም አድሮባቸው፣ ሰው ሳያያቸው እየወጡ አውራ መንገድ ላይ መገኘት ጀምረው ነበር። አዛውንቱ ይህን ሲናገሩ አዳራሹ ጸጥ አለ። ሰብሳቢዋም በትሕትና፣ «በደረሰብዎ ነገር ሁላችንም አዝነናል፤ አሁን ደግሞ እባክዎ ስለ መሬቱ ይንገሩን» አሏቸው።

ያን ጊዜ ተቆጣሁ። ሰው ስለ ታመመች ሚስቱ ሲናገር ስለ መሬት የሚጠይቅ ምን ዓይነት ዳኝነት ነው አልሁ። ጥያቄው ከየት እንደ መጣ የተረዳሁት የሕጉን ታሪክ ወደ ኋላ ተከትዬ ስመረምር ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በኒው ዮርክ ከተማ ነው። በ1915 በማንሃታን የተጠናቀቀው ኢኩቴብል የተባለው ግዙፍ ሕንፃ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጀምሮ ያለ አንዳች ማፈግፈግ ቀጥ ብሎ በመውጣቱ የጎረቤቶቹን ብርሃን ጋረደ። ከተማዪቱም በ1916 መላ ግዛቷን በቀጠና ከፍላ የሕንፃን ቁመት፣ ስፋትና አገልግሎት የሚወስን ደንብ አወጣች። የደንቡ ዋና ነዳፊ የሕግ ባለሙያው ኤድዋርድ ባሴት ነበር። እርሱና ባልደረቦቹ አንድ ትልቅ ሥጋት ነበራቸው። በደንቡ ወረቀት ላይ መሬት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ በተጨባጭ ግን አንዱ ቦታ ሾጣጣ፣ ሌላው ገደላማ፣ ሦስተኛው ጠባብ ነው። ደንቡ ያለ ምንም ልዩነት ቢፈጸም፣ አንዱ ባለ መሬት በቦታው ምንም ሊሠራበት የማይችልበት ሁኔታ ይፈጠራል። እርሱም ፍርድ ቤት ሄዶ «ያለ አግባብ ንብረቴን ተነጠቅሁ» ቢል፣ ለአንድ ሾጣጣ ቦታ ሲባል ደንቡ በሙሉ ሊፈርስ ይችላል።

መፍትሔው የይግባኝ ቦርድ ነበር። ደንቡን በቃል በቃሉ ማስፈጸም ተግባራዊ ችግር ወይም አላስፈላጊ መከራ በሚያስከትልበት በአንድ በተለየ ጉዳይ፣ ቦርዱ ደንቡን እንዲያሻሽል ሥልጣን ተሰጠው። በእንግሊዝኛ «ቫሪያንስ» የሚባለው፣ እኔ «የልዩነት ፈቃድ» የምለው ነገር የተወለደው እንዲህ ነው። ስለዚህ ፈቃዱ ሲፈጠር ዓላማው ለግለሰብ ምሕረት ማድረግ አልነበረም፤ ሕጉ ራሱ እንዳይሰበር መተንፈሻ መክፈት ነበር።

ሐሳቡ በአገሪቱ የተስፋፋው በፌዴራል መንግሥቱ አማካይነት ነው። ኸርበርት ሁቨር የንግድ ሚኒስትር በነበሩበት ዘመን ሚኒስቴሩ ክልሎች ሊከተሉት የሚችሉትን ሞዴል ሕግ አሳተመ፤ በ1926 የተሻሻለው እትም በብዙ ክልሎች ዛሬም አሻራው ይታያል። ሞዴሉ አምስት አባላት ያሉት ቦርድ ያቋቁማል፤ ፈቃድ ለመስጠትም የአራቱ ድምፅ ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር በአጋጣሚ የተመረጠ አይመስለኝም፤ ከደንብ መውጣት ደንቡን ከመጠበቅ ይልቅ ከባድ ሊሆን ይገባል የሚል እምነት አለበት። በዚያው በ1926 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በክሊቭላንድ ከተማ ዳርቻ የምትገኘው የዩክሊድ መንደር ያወጣችውን የዞኒንግ ደንብ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ አጸና። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በካምብሪጅ ከተማ ጉዳይ፣ በጠቅላላው ትክክል የሆነ ደንብ በአንድ ቦታ ላይ ሲፈጸም ሕገ መንግሥቱን ሊጥስ እንደሚችል ያው ፍርድ ቤት ወሰነ። የባሴት ሥጋት መሠረት እንደ ነበረው ታየ።

ቀጣዩ ጥያቄ «መከራ» ማለት ምን ማለት ነው የሚል ነበር። የኒው ዮርክ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1939፣ የመንሸራተቻ ሜዳ ሊሠራ በፈለገ ሰው ጉዳይ፣ ኦቶ በስታይንሂልበር ላይ ባቀረበው ክስ፣ ሦስት መለኪያዎችን አስቀመጠ። አንደኛ፣ መሬቱ በደንቡ ለተፈቀደው አገልግሎት ቢውል ተመጣጣኝ ጥቅም የማያስገኝ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ችግሩ የአካባቢው ሁሉ ሳይሆን የዚያ ቦታ የብቻው መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ የሚፈቀደው ነገር የሰፈሩን መሠረታዊ ጠባይ መለወጥ የለበትም። በሦስቱም ውስጥ የሚጠየቀው መሬቱ እንጂ ሰውዬው አይደለም። ምክንያቱም ፈቃዱ አንዴ ከተሰጠ ከመሬቱ ጋር ይኖራል፤ ባለቤቱ ቢሸጥ ወይም ቢሞት ለቀጣዩ ይተላለፋል። የሰው መከራ ያልፋል፤ የተገነባው ግንብ ግን ይቀራል። የሰብሳቢዋ ጥያቄ ምንጩ ይህ ነበር።

ይሁንና ይህ ጥብቅ መለኪያ ለአጥርና ለታፔላ ሲሆን የማይመጥን ነው። አጥሩ ስለ ተከለከለ ብቻ መሬቱ ጥቅም አልባ ሆነ የሚል ማንም የለም። ስለዚህ ፍርድ ቤቶች የአገልግሎት ለውጥን ከመጠን ለውጥ ለዩ፤ መኖሪያ ቤትን ወደ ሱቅ መለወጥ ከባዱን መለኪያ ሲጠይቅ፣ አጥርን በ2 ጫማ ከፍ ማድረግ ግን ቀለል ያለውን ይጠይቃል። በ1992 ሥራ ላይ የዋለው የኒው ዮርክ ሕግ ለመጠን ለውጥ የአመልካቹን ጥቅም ከማኅበረሰቡ ጉዳት ጋር በሚዛን እንዲቀመጥ አዘዘ፤ ቦርዱም አምስት ጥያቄዎችን ይመረምራል። የሰፈሩ ጠባይ ይጎዳል? ዓላማው በሌላ መንገድ ሊሳካ ይችላል? የተጠየቀው ልዩነት ከፍተኛ ነው? በአካባቢው ተፈጥሯዊ ሁኔታ ላይ ጉዳት ያስከትላል? ችግሩን የፈጠረው አመልካቹ ራሱ ነው? በመጨረሻም ቦርዱ ከፈቀደ የሚፈቅደው አነስተኛውን በቂ መጠን ብቻ ነው።

እነዚህን ጥያቄዎች በአጥር ላይ እንያቸው። በብዙ ከተሞች ደንቡ በፊት ለፊት ዝቅ ያለ፣ በጓሮ ከፍ ያለ አጥር ይፈቅዳል። የማዕዘን ቦታ ባለቤት ግን በሁለት ወገን መንገድ ስላለው በሕግ ዓይን ሁለት «ፊት» አለው፤ ጎረቤቱ ጓሮ የሚለውን እርሱ ፊት ለፊት ይሉበታል። ይህ ከመሬቱ የመነጨ እውነተኛ ችግር ነው። በተቃራኒው ሚዛን ደግሞ ከመንገዱ መጋጠሚያ አጠገብ ያለ ከፍ ያለ አጥር የአሽከርካሪውን እይታ ይጋርዳል፤ ስለዚህ ደንቦች በማዕዘኑ ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ክፍት ቦታ እንዲተው ያዛሉ። ቦርዱ ብልህ ከሆነ «አዎ» ወይም «አይ» ከማለት ይልቅ አጥሩ ወደ ውስጥ እንዲገባ፣ ወይም የሚያሳይ ዓይነት እንዲሆን ቅድመ ሁኔታ ያኖራል።

ቦርዱ ሁልጊዜ ብልህ ነበር ማለት ግን አይደለም። አባላቱ ብዙውን ጊዜ የሕግ ሥልጠና የሌላቸው የሰፈር ነዋሪዎች ናቸው፤ አመልካቹን በገበያና በቤተ ክርስቲያን ያውቁታል። በ1962 ዱክሚኒየርና ስቴፕልተን የተባሉ ጸሐፊዎች በኬንታኪ የሌክሲንግተንን ቦርድ አሠራር መርምረው ባሳተሙት ጥናት፣ ቦርዱ ሕጉ የሚጠይቀውን መለኪያ ችላ እያለ ፈቃድ ሲሰጥ እንደ ነበር አሳይተዋል። ጎረቤት ካልተቃወመ መስጠት፣ ጎረቤት ከጮኸ መከልከል ቀላል ነው። እንዲህ ሲሆን ግን ሕጉ ተረስቶ የጭብጨባ ብዛት ይፈርዳል። ለዚህም ነው የኒው ዮርክ ፍርድ ቤቶች በማስረጃ ያልተደገፈ የጎረቤት ተቃውሞ ብቻውን ለክልከላ አይበቃም ያሉት። በ1986 ደግሞ በናይት ጉዳይ፣ ቦርዱ ቀደም ሲል ከወሰነው ተመሳሳይ ጉዳይ የተለየ ውሳኔ ሲሰጥ ምክንያቱን መግለጽ እንዳለበት ተፈረደ። ለአንዱ የፈቀደውን ለሌላው ሊከለክል ይችላል፤ ለምን እንደ ሆነ ሳይናገር ግን አይችልም።

ወደ ታፔላ ስንሻገር ሌላ ኃይል ይገባል፤ እርሱም የመናገር ነጻነት ነው። አጥር አይናገርም፤ ታፔላ ግን ይናገራል። በ1990 መጨረሻ በሚዙሪ፣ በላዱ ከተማ፣ ማርጋሬት ጊሊዮ የተባሉ ነዋሪ የባሕረ ሰላጤውን ጦርነት የሚቃወም ሰሌዳ በግቢያቸው ሣር ላይ አቆሙ። ሰሌዳው ጠፋ፤ ሌላ ቢተክሉ ተገፍቶ ወደቀ። ለፖሊስ ሲያመለክቱ ሰሌዳው ራሱ የተከለከለ መሆኑ ተነገራቸው። የልዩነት ፈቃድ ጠየቁ፤ የከተማው ምክር ቤት ከለከላቸው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1994 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ለእሳቸው ፈረዱ፤ ሰው በገዛ ደጁ ሐሳቡን የመግለጽ መብቱ ልዩ ክብር አለው አሉ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ መብት የሆነ ነገር በልመና የሚገኝ ፈቃድ ሊሆን አይገባም።

በ2015 በአሪዞና የጊልበርት ከተማ ጉዳይ መርሑ ይበልጥ ጠነከረ። የራሷ ሕንፃ የሌላት አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን የእሑድ ጉባኤዋ የት እንደሚካሄድ የሚጠቁም ሰሌዳ ታቆም ነበር። የከተማው ደንብ ለእንዲህ ያለው ሰሌዳ 6 ካሬ ጫማ ሲፈቅድ፣ ለምርጫ ቅስቀሳ ግን እስከ 32 ካሬ ጫማ ይፈቅድ ነበር። ፍርድ ቤቱ በይዘት የሚያበላልጥ ደንብ እጅግ ጥብቅ ምርመራ እንደሚጠብቀው ገልጾ ደንቡን ሻረው። ከዚያ ወዲህ ቦርድ ሊመዝን የሚገባው የሰሌዳውን ስፋት፣ ቁመት፣ ብርሃንና ቦታ ነው፤ መልእክቱን አይደለም። በ2022 በኦስቲን ጉዳይ ፍርድ ቤቱ መርሑን በመጠኑ ገድቦ፣ ሰሌዳው የሚያስተዋውቀው ነገር እዚያው ቦታ መኖር አለመኖሩን መለየት ብቻውን የይዘት ማበላለጥ አይደለም ብሏል።

ይህ ነገር ለእኛም ፊደል ይነካል። የካሊፎርኒያዋ ፖሞና ከተማ በ1988፣ በባዕድ ፊደል የተጻፈ የንግድ ታፔላ ቢያንስ ግማሹ በእንግሊዝኛ ፊደል እንዲሆን ደነገገች። የእስያ ተወላጅ ነጋዴዎች ከሰሱ፤ የፌዴራል ፍርድ ቤትም በ1989 ደንቡን ሻረ። በዋሽንግተን ወይም በሎስ አንጀለስ «ትንሿ ኢትዮጵያ» በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የምግብ ቤት ታፔላ ስታዩ፣ ያ ፊደል በዚያ የቆመው ሌሎች ስደተኞች በተከራከሩለት መርሕ ጥላ ሥር መሆኑን አስታውሱ።

ወደ አዛውንቱ ልመለስ። የሰው መከራ ከሚዛኑ ውጭ ነው የሚለው የድሮው ትምህርት በ1988 በአንድ በኩል ተሸርፏል፤ የተሻሻለው የፌዴራል የመኖሪያ ቤት ፍትሕ ሕግ ለአካል ጉዳተኞችና ለሕሙማን ደንቦች ተገቢ ማመቻቸት እንዲያደርጉ ያስገድዳል። ያን ምሽት ግን ማንም ይህን ሕግ አላነሣም። አዛውንቱ ትንሽ አሰቡና ስለ መሬቱ ተናገሩ፤ ስለ ሁለቱ መንገዶች፣ ሌላ ጓሮ ስለሌለው ግቢ። አንዲት ጎረቤት ከግቢዋ በመኪና ስትወጣ እንዳትጋረድ ሠግታ ነበር። ቦርዱ ተመካክሮ 6 ጫማውን ፈቀደ፤ ነገር ግን አጥሩ ከማዕዘኑ ወደ ውስጥ እንዲገባ አዘዘ፤ አምስቱን ጥያቄዎች አንድ በአንድ መልሶ በቃለ ጉባኤው አሰፈረ። ጎረቤቲቱም ወጥታ ሄደች፤ የተከፋች አትመስልም ነበር።

ቁጣዬ በከፊል ትክክል ነበር፤ ሰው ከመሬት ይበልጣልና። ነገር ግን ሰብሳቢዋ ያን ጥያቄ ባይጠይቁ ኖሮ፣ ፈቃዱ ለሚያሳዝን ሰው የሚሰጥ ችሮታ ይሆን ነበር፤ ነገ ደግሞ አንደበት የሌለው ወይም ወዳጅ ያጣ ሌላ ሕመምተኛ በባዶ እጁ ይመለስ ነበር። የእኛ አገር የመሬት ሥሪት ከአሜሪካ የተለየ ስለ ሆነ ይህን ተቋም እንዳለ እንቅዳ አልልም። የታሪክ ተማሪ ግን አንድ ነገር ይውሰድ፦ ማንኛውም ደንብ ልዩነት ማድረጉ አይቀርም። ያ ልዩነት ፍትሕ ይሁን አድልዎ የሚታወቀው፣ ምክንያቱ ተጽፎ ቀጣዩ አመልካች ሊያነበውና «እኔስ?» ብሎ ሊጠይቅበት በመቻሉ ነው። ስለዚህ ወደ መዝገብ ቤት ስትሄዱ ታላላቆቹን አዋጆች ብቻ አትፈልጉ፤ የተሰላቸ ጸሐፊ የያዘውን የአጥርና የታፔላ ቃለ ጉባኤም ግለጡ። ሕግ ለተራ ሰው ምን እንደ ነበረ የሚነግራችሁ እርሱ ነው።