የጉድጓድ ቁፋሮ መሣሪያዎች ምዘና በፎገራ ሜዳ

የጉድጓድ ቁፋሮ መሣሪያዎች ምዘና፣ የውሃ ወይም የነዳጅ ጉድጓድ ሲቆፈር ወደ መሬት ውስጥ የሚገቡት ቢት (የመቆፈሪያው ጫፍ)፣ መዶሻና ዘንግ ሳይበላሹ ምን ያህል እንደሚያገለግሉና ሥራውን ምን ያህል እንደሚያቀላጥፉ የሚመረመርበት አሠራር ነው።

በደቡብ ጎንደር፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በተዘረጋው የፎገራ ሜዳና በወረታ ዙሪያ ለሚቆፈር የውሃ ጉድጓድ ምዘናው ከመሬቱ ይጀምራል። ከላይ ርብና ጉማራ ወንዞች ያመጡት ደለል፣ ከሥር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። በደለሉ ውስጥ ግድግዳው እንዳይደረመስ በቁፋሮ ጭቃ የሚታገዝ ተሽከርካሪ ቢት ይመረጣል። ባዛልት ላይ ግን በታመቀ አየር የሚሠራ፣ በደቂቃ ከ1000 ጊዜ በላይ የሚመታ መዶሻ ያስፈልጋል።

ዋነኞቹ መለኪያዎች በሰዓት የተቆፈረው ሜትር፣ አንድ ቢት እስኪያልቅ የቆፈረው ጥልቀት፣ በብልሽት የባከነው ሰዓትና የጉድጓዱ ቀጥ ማለት ናቸው። ቢቱ ሲወጣ የተንግስተን ካርባይድ ጥርሶቹ ይፈተሻሉ፤ ድቡልቡል የነበረው አናታቸው ከተደፈጠጠ ይሞረዳሉ። ዙሪያው የተበላ ቢት ጉድጓዱን ያጠበዋል፤ ተከትሎ የሚገባው አዲስ ቢትም ሊቀረቀር ይችላል።

ፍጥነት ብቻውን በቂ አይደለም። መሣሪያው የሚመሰገነው ኬሲንጉ (የጉድጓዱን ግድግዳ የሚደግፈው ቧንቧ) ያለ ችግር ገብቶ፣ ጉድጓዱ ታጥቦ፣ በፓምፕ ሙከራ የጠራ ውሃ ሲሰጥ ነው።