ሐምሌ 6 ቀን 1977፦ ስለ እኛ የተዘፈነበት ቀን

ከዘመናዊ ዘፈን ታሪክ ውስጥ አንዲት ቀን ብቻ ምረጡ ብንባል የምንመርጣት ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ናት። በፈረንጆች አቆጣጠር ጁላይ 13 ቀን 1985 መሆኑ ነው። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። በአገራችን የሰኔ ጾም በጴጥሮስ ወጳውሎስ ተፈትቶ አንድ ቀን አልፎታል፤ በማግሥቱ ደግሞ የሥላሴ ዓመታዊ በዓል ነው። ክረምቱም ገብቷል። በዚያች ቀን በለንደንና በፊላዴልፊያ ከተሞች በአንድ ጊዜ «ላይቭ ኤይድ» የተባለ ታላቅ የሙዚቃ ትርኢት ተደረገ። የተዘፈነውም በኢትዮጵያ ለተራበው ሕዝብ ነበር።

ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን ያን ጊዜ አልተወለድንም። ይሁን እንጂ «ሰባ ሰባት» ሲባል የማያውቅ ቤት የለም፤ በየድንኳኑ ያሉ አረጋውያንም በዓይናቸው ያዩትን ይናገራሉ። ስለዚህ የዚያችን ቀን ታሪክ እንደ ባዕድ ወሬ ሳይሆን እንደ ራሳችን ጉዳይ ልንመረምረው ይገባል። ጥያቄያችንም ይህ ነው፦ ዓለም ስለ እኛ ሲዘፍን የእኛ ድምፅ የት ነበር?

ነገሩ የተጀመረው በዘፈን ሳይሆን በፊልም ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 የእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን ከኮረም መጠለያ የተነሣ ፊልም አሳየ። ዘጋቢው ማይክል በርክ ሲሆን ካሜራውን የያዘው የናይሮቢ ተወላጅ የሆነው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር። ከዚህ አርባ ቀን ያህል ቀደም ብሎ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድግስ አክብሮ ነበር። በሰሜን ግን ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። በዚያ ረሃብ ያለቀው ሕዝብ ከ400,000 እስከ 1 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል።

ፊልሙን ካዩት መካከል ቦብ ጌልዶፍ የሚባል አየርላንዳዊ ዘፋኝ ይገኝበታል። እርሱና ስኮትላንዳዊው ሚጅ ዩር አንድ ዘፈን ደረሱ፤ ኅዳር 16 ቀንም የታወቁ ዘፋኞችን በለንደን ኖቲንግ ሂል ሠፈር በሚገኝ ስቱዲዮ ሰብስበው በአንድ ቀን አስቀዱት። ሸክላው በብሪታንያ ብቻ ከ3 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስም በዚያ አገር በሽያጭ የበለጠው ነጠላ ሸክላ አልነበረም። የአገሩ መንግሥት መጀመሪያ ከሽያጩ ግብሬን አልተውም ብሎ ነበር፤ ሕዝቡ ቢያጉረመርም ጊዜ የግብሩን ያህል ገንዘብ ለእርዳታው መለሰ።

አሜሪካኖቹም አልዘገዩም። በሃሪ ቤላፎንቴ አሳሳቢነት ማይክል ጃክሰንና ሊዮኔል ሪቺ ሌላ ዘፈን ደረሱ። ጥር 20 ቀን ማታ ከ40 በላይ ድምፃውያን በሎስ አንጀለስ ተሰብስበው፣ ክዊንሲ ጆንስ እየመራቸው ሲዘፍኑ አደሩ። ሐምሌ 6 ቀን የመጣችው እንግዲህ በእነዚህ ቀናት ተከታይነት ነው።

ትርኢቱ በለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም የተጀመረው በአገሩ ሰዓት ቀትር ላይ ነበር፤ በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት መሆኑ ነው። በፊላዴልፊያ የነበረው ክፍል ሲያበቃ በእኛ አገር የእሑድ ንጋት 12 ሰዓት ያህል ሆኖ ነበር። አሥራ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተዘፈነ ማለት ነው። በዌምብሌይ 72,000 ያህል ሰው ነበር፤ የፊላዴልፊያው ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ነበር። በሳተላይት አማካይነት ከ100 በላይ በሆኑ አገሮች በቴሌቪዥን ታየ። ፊል ኮሊንስ የተባለው ዘፋኝ በለንደን ዘፍኖ ሲያበቃ ኮንኮርድ በተባለው ፈጣን አውሮፕላን አትላንቲክን ተሻግሮ ያኑ ዕለት በፊላዴልፊያ ዘፈነ። ብራዚላውያን እስከ ዛሬ ድረስ ጁላይ 13ን የሮክ ሙዚቃ ቀን ብለው ያከብሩታል።

በዚያ ቀን ሕዝቡን ከሁሉ ይልቅ ያነቃነቀው ክዊን የተባለው ጓድ ነበር። የቆየው 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ ሆኖም ብዙ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች በመድረክ ከታዩት የሮክ ትርኢቶች ሁሉ ያስቀድሙታል። የጓዱ ድምፃዊ ፍሬዲ መርኩሪ ማን እንደነበረ ግን በእኛ መንደር የሚያውቅ ጥቂት ነው። ይህ ሰው ፋሮክ ቡልሳራ ተብሎ በ1946 እ.ኤ.አ. በዛንዚባር ደሴት ከህንድ ከመጡ የፓርሲ ወገን ወላጆች ተወለደ። በ1964 የዛንዚባር አብዮት ሲፈነዳ ቤተሰቡ ደሴቱን ለቅቆ ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። ስለዚህ በዚያች ቀን ለተራበውና ለተፈናቀለው ከዘፈኑት ሁሉ ልቆ የታየው፣ ራሱ ከምሥራቅ አፍሪካ የተሰደደ ልጅ ነበር። ይህን ታሪክ በተለይ በድንኳን ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆቻችን ቢያውቁት እንወዳለን።

ዴቪድ ቦዊ የተባለው ዘፋኝ ደግሞ ከተመደበለት ጊዜ የአንዱን ዘፈን ትቶ፣ በምትኩ የካናዳ ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ ያነሣው ፊልም እንዲታይ አደረገ። በፊልሙ ውስጥ ለሞት ተቃርባ የታየች አንዲት የትግራይ ሕፃን ነበረች፤ ስሟ ብርሃን ወልዱ ነው። ሕፃኗ ግን አልሞተችም። አድጋ ግብርና ተማረች፤ ከሃያ ዓመት በኋላም፣ ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ በለንደን «ላይቭ ኤይት» በተባለው ትርኢት ላይ በብዙ ሕዝብ ፊት በመድረክ ቆማ ታየች።

የዚያች ቀን ዘፈን ፍሬ አላፈራም ብንል ሐሰት እንናገራለን። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። በገንዘቡ መርከቦች ተከራዩ፣ የጭነት መኪናዎች ተገዙ፣ እህልና መድኃኒት ተጓዘ። ባልታወቀ አገር ያለ ሕፃን ሳንቲሙን አውጥቶ የሰጠበት ቀን ነው። የበላነውን እህል መካድ ነውር ነውና አንክድም።

ሆኖም ምስጋና ዓይንን አይጨፍንም። እስቲ የኅዳሩን ዘፈን እንመልከት። ርእሱ ጥያቄ ነው፤ እነዚያ ሰዎች ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ወይ ይላል። በውስጡም በአፍሪካ ዝናብ እንደማይዘንብ፣ ወንዝም እንደማይፈስ ይናገራል። ክርስትና በአገራችን ከ4ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የኖረ ሃይማኖት ነው። ፊልሙ ከተነሣበት ከኮረም ብዙ በማይርቀው በላሊበላ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን ካህናቱ በዓለቱ ጫፍ ላይ ቆመው «ቤዛ ኵሉ»ን ሲዘምሩ ስንት መቶ ዓመታት አልፈዋል! በወሎ ከተራቡት መካከል ብዙዎቹ ደግሞ ሙስሊሞች ስለነበሩ የሚጠብቋቸው የራሳቸው በዓላት ነበሯቸው። ስለ ወንዝም ቢሆን፣ ግብፅ ከሚደርሰው የአባይ ውሃ አብዛኛው የሚወርደው ከእኛው ተራሮች ነው። የደረሱት ሰዎች ክፉ ልብ ኖሯቸው አይደለም፤ ከሚዘፍኑለት ሰው አንዱንም አልጠየቁም እንጂ።

ከዚህ የሚከፋው ግን ከዘፈኖቹ የጎደለው ነው። በለንደኑም ሆነ በአሜሪካኑ ዘፈን ውስጥ ጦርነት የሚል ቃል አይገኝም። ረሃቡን ያመጣው የሰማይ መዘጋት ብቻ አልነበረም። በትግራይ፣ በኤርትራና በወሎ የሚካሄደው ጦርነት ገበያውን ዘግቶ፣ መንገዱን ቆርጦ፣ ገበሬውን ከእርሻው ነቅሎ ነበር። ከዚህ በተጨማሪ ደርግ ሠፈራ ብሎ 600,000 ያህል ሕዝብ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ አጓጓዘ፤ ብዙው በግድ ነበር። ይህን በግልጽ የተቃወመው የፈረንሳይ የሐኪሞች ማኅበር፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የሚባለው፣ በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ። ረሃብን የዝናብ ጉዳይ ብቻ አድርጎ የሚዘፍን ሰው፣ ሳያውቀው ጥፋተኛውን ከወቀሳ ያድነዋል።

በዚያች ቀን በለንደንም ሆነ በፊላዴልፊያ መድረክ ላይ አንድም ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ አልቆመም። በዌምብሌይ ፖል ማካርትኒ ፒያኖው ላይ ተቀምጦ መዝፈን ሲጀምር ማይክሮፎኑ ለጥቂት ደቂቃ ድምፅ ከለከለው፤ ቢሆንም ሕዝቡ ዘፈኑን ያውቀው ነበርና አብሮ ዘፈነለት። ለእኛ ሰው ግን ማይክሮፎን ጨርሶ አልተተከለለትም። ከሃያ ዓመት በኋላ በ«ላይቭ ኤይት»ም ቢሆን ከአፍሪካ የመጡት ሙዚቀኞች አብዛኞቹ የዘፈኑት ከለንደን ርቆ በኮርንዎል በተዘጋጀ ሌላ መድረክ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የኅዳሩ ዘፈን እንደገና ሲቀዳ፣ ትውልደ ጋናዊው ፊዩዝ ኦ.ዲ.ጂ. የአፍሪካን ስም የሚያጎድፍ ነው ብሎ አልዘፍንም ማለቱ በአግባቡ ነበር።

አሁን ወደዚያች ሐምሌ እንመለስ። በዓመቱ መጀመሪያ ከትግራይ ብዙ ሕዝብ የጦር አውሮፕላን እየፈራ ሌሊት ሌሊት በእግሩ ተጉዞ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገብቶ ነበር። ወድ ኮውሊንና ኡም ራኩባን የመሳሰሉት መጠለያዎች ያን ጊዜ ሞሉ። ብዙ ሰውም በዚያ በኩፍኝና በተቅማጥ አለቀ። ነገር ግን ክረምቱ ሲቃረብ፣ ሐምሌ 6 ቀን ከመድረሷ በፊት፣ ከእነዚሁ ስደተኞች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ተነሥተው በመጡበት መንገድ በእግራቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ። የተመለሱት ጦርነቱ ስላቆመ አልነበረም። ዝናቡ ሳያመልጣቸው ሊያርሱ ነው። እንግዲህ በለንደን ዝናብ የማያውቁ ተብለው ሲዘፈንላቸው፣ እነርሱ ዝናቡን ቆጥረው ከእርሻቸው ላይ ነበሩ። ይህን ከዚያ ቀን ታሪክ ሁሉ ትልቁ ነገር አድርገን እንቆጥረዋለን። በየትኛውም ዘፈን ውስጥ ግን አይገኝም።

የእኛ ሰው ዝም ብሎ ነበር ማለትም አይደለም። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» እንደሚባለው፣ ጥላሁን ገሠሠ «ዋይ ዋይ ሲሉ» ብሎ ስለ ረሃብ ያዜመው ስንቱን አስለቅሷል። ከዚያም በፊት በ1880ዎቹ፣ ከብቱ በበሽታ አልቆ ሕዝቡ ባለቀበት በክፉ ቀን ዘመን፣ አልቃሹና አዝማሪው የዘመኑን መከራ በሙሾና በእንጉርጉሮ ለልጅ ልጅ አስተላልፈዋል። ይህን ሁሉ የዌምብሌይ ሕዝብ ሊሰማው አልቻለም፤ ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ሸክላውን የሚያሻግር አልነበረምና። በ1986 እ.ኤ.አ. ግን ክራምድ ዲስክስ የተባለ የቤልጅየም የሸክላ አሳታሚ የማሕሙድ አሕመድን «እረ መላ መላ» በአውሮፓ አወጣ። ያም ዜማ የሚናገረው ስለ ፍቅር እንጂ ስለ ረሃብ አይደለም። ፈረንጆች ረሃብተኛ ብቻ አድርገው ያዩት ሕዝብ የሚያፈቅርና የሚናፍቅ፣ የራሱ ቅኝት ያለው መሆኑን ከዚያ መስማት ጀመሩ።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይፈይዳል? እኛም ዛሬ የእህል ካርድ ይዘን የምንሰለፍ ነን። ካሜራ የያዘ እንግዳ ሲመጣ ልጆቻችን ይሰበሰባሉ፤ ሥዕላቸው ይነሣል፣ ስማቸው ግን አይጠየቅም። ነገ ስለ እኛ የሚጻፈውን ወይም የሚዘፈነውን ልንከለክል አንችልም። ልናደርግ የምንችለው የራሳችንን ቃል አስቀድሞ ማስቀመጥ ነው። ከየት እንደመጣን፣ ያፈናቀለን ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳረስንና ምን እንዳስተማርን የሚናገር የራሳችን ጽሑፍና ዜማ ካለ፣ የሚመጣው ጸሐፊ የሚጠይቀው አያጣም።

ስለሆነም የዚህች መጽሔት አዘጋጆች አንድ ልመና አለን። በየመንደራችሁ ሰባ ሰባትን ያዩ እናቶችና አባቶች አሉ። ያን ጊዜ የተዜመውን ሙሾ፣ የመንገድ እንጉርጉሮ፣ ወደ አገር ሲመለሱ የተባለውን የእርሻ ዜማ ጠይቋቸው። የተናገሩትን አታሳምሩ፤ እንዳሉት ጻፉት። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ስማቸውን፣ የመጡበትን ቀበሌና ዘመኑን ከግርጌው አስፍሩ። ወረቀት ያጣ ከእኛ ይውሰድ፤ መጻፍ የማይችል ወደ እኛ ይምጣና እንጽፍለታለን። በሚቀጥለው እትም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች ለዚሁ ክፍት አድርገናል።