የድኅነት መዓርግና የቅብዐት ክርክር በቢቸናና በሞጣ አገር

ድኅነት የሚለው ቃል በግእዝም ሆነ በአማርኛ ሁለት ነገር ይይዛል፤ ከደዌ መፈወስንና ከጠላት እጅ ማምለጥን። በሽተኛ ሲሽለው ዳነ ይባላል፤ ከወንበዴ እጅ የወጣውም ዳነ ይባላል። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ስለ ሰው መዳን ሲያስተምሩ ሁለቱን አይለያዩአቸውም። ከእጅ ማምለጥ ባንድ ሰዓት ይሆናል፤ ከደዌ መፈወስ ግን ቀን ይፈልጋል፤ ንዳድ የለቀቀው ሰው ሁሉ በዕለቱ ሞፈር አይጨብጥምና። ስለዚህ ድኅነት በክርስቶስ አንድ ጊዜ የተፈጸመ ሲሆን በምእመን ዘንድ ግን መዓርግ አለው፤ ይጀመራል፥ ያድጋል፥ በትንሣኤ ሙታን ይፈጸማል። በቢቸናና በሞጣ አገር ብዙ ትውልድ ያከራከረው ነገርም ሥሩ ሲቈፈር የሚገኘው በዚህ ላይ ነው፤ ለክርስቶስ የሚነገረው የቱ ነው? ለእኛ ለሰዎች የሚነገረውስ የቱ ነው?

ሊቃውንት ይህን መዓርግ ለሕዝብ ሲያስተምሩ የሚይዙት መሰላል አምስቱ አዕማደ ምሥጢር ነው፤ ምሥጢረ ሥላሴ፥ ምሥጢረ ሥጋዌ፥ ምሥጢረ ጥምቀት፥ ምሥጢረ ቍርባን፥ ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን። ብዙ ሰው እነዚህን በቃሉ ይዞ ሲደግማቸው ይሰማል፤ ተራቸው ግን በከንቱ የተደረደረ አይደለም። አስቀድሞ የሚያድነው ማን እንደ ሆነ ይነገራል፤ ቀጥሎ ሊያድን እንዴት ሰው እንደ ሆነ፤ ከዚያም ምእመን በምን በር እንደሚገባ፥ ገብቶም ምን እየተመገበ እንደሚኖር፥ ጕዞው በመጨረሻ የት እንደሚደርስ። የጎጃም ክርክር የወደቀው በሁለተኛው ዓምድ ላይ ነው። ሁለተኛው ቢነቃነቅ ግን ሦስተኛውና አራተኛው ሳይነቃነቁ አይቀሩምና የሊቃውንት ነገር ነው ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም።

በክርስቶስ የተፈጸመው የማዳን ሥራ በዓመቱ በዓላት ተከፍሎ ይታወቃል። አዳም ከገነት ከወጣ በኋላ የተሰጠውን ተስፋ 5500 ዘመን ጠበቀ፤ ዘመኑም በተፈጸመ ጊዜ ቃል በድንግል ማኅፀን ተፀነሰ። ፅንሰቱ መጋቢት 29፥ ልደቱ ታኅሣሥ 29፥ ጥምቀቱ ጥር 11 ይከበራል። ጥንተ ስቅለቱ መጋቢት 27፥ ጥንተ ትንሣኤው መጋቢት 29 ነውና ፅንሰትና ትንሣኤ ባንድ ቀን ይገናኛሉ፤ የድኅነት መጀመሪያና ፍጻሜ ባንድ ዕለት መዋሉን ሊቃውንት በአጋጣሚ አይቈጥሩትም።

ስለ ዕዳው ደብዳቤ የሚነገረው ትምህርትም ከዚህ ጋራ ይሄዳል። ዲያብሎስ አዳምንና ሔዋንን የባርነት ደብዳቤ አጽፎ አንዱን በዮርዳኖስ አንዱን በሲኦል አኖረው፤ ጌታም በዮርዳኖስ ያለውን በተጠመቀ ጊዜ፥ በሲኦል ያለውን በዕለተ ዓርብ በነፍሱ በወረደ ጊዜ ደመሰሰው ይላሉ። ይህም ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ቈላስይስ ሰዎች በላከው መልእክት ስለ ዕዳ ጽሕፈት ከተናገረው ጋራ ይስማማል። ልብ ላለው ሰው እዚህም መዓርግ ይታያል፤ ባርነቱ በሁለት ስፍራ በሁለት ጊዜ ተቀደደ እንጂ ባንድ ጊዜ አልተቀደደምና። ኢዮቤልዩም በኦሪት ዘሌዋውያን ባሪያ ነጻ የሚወጣበት፥ የተሸጠ ርስት ወደ ባለቤቱ የሚመለስበት 50ኛው ዓመት ነው፤ ስለዚህ ይህን ትምህርት በእንደዚህ ያለ በዓል ማንሣት ያለ ቦታው አይሆንም።

ይህ ትምህርት በአገሩ እንዴት እንደ ተከራከሩበት ለማወቅ ወደ አድባራቱ ታሪክ መመለስ ያስፈልጋል። በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ደብረ ወርቅ ማርያም፥ ዲማ ጊዮርጊስ፥ በእነብሴም ምድር መርጡለ ማርያም ከጥንት ጀምረው የመጻሕፍትና የሊቃውንት መኖሪያ ነበሩ። የሞጣን ጊዮርጊስ ያቋቋሙት ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ነበሩና የእርሱ ዘመን ወደ ኋላ ነው። የቅኔ ምንጭ የሚባለው ጎንጅም ከሞጣ ሩቅ አይደለም። መርጡለ ማርያምን ንግሥት እሌኒ በማለፊያ ድንጋይ አሠርተዋት ነበር፤ በግራኝ ዘመን ተቃጠለች። ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት በተቀበሉ ጊዜ ደግሞ ኢየሱሳውያን ካህናት እንደገና ሠሯት። የእነዚያ ካህናት ሥራ በድንጋይ ብቻ የቀረ አይደለም፤ አንድ ጥያቄም ትተው ሄደዋል።

ጥያቄው ይህ ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስ በቆርኔሌዎስ ቤት ሲያስተምር እግዚአብሔር ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ እንደ ቀባው ተናግሯል፤ ነገሩም በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 10 ተጽፏል። ክርስቶስ በባሕርዩ አምላክ ከሆነ መቀባት ለምን አስፈለገው? የሚቀባ ሰው የጐደለው ነገር ያለው አይደለምን? ሮማውያን በዚህ ጥያቄ ሁለት ባሕርይ የሚለውን ትምህርታቸውን ሊያጸኑበት ፈለጉ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ ተዉ፤ ከዚያም በኋላ ኢየሱሳውያን ካገር ተባረሩ። ጥያቄያቸው ግን አብሯቸው አልወጣም፤ ለሮማውያን መልስ ለመስጠት የተነሡት የአገር ሊቃውንት እርስ በርሳቸው ተለያዩ።

የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት፥ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ልጆች፥ ሥጋ የከበረው በተዋሕዶ ነው አሉ። ቃል ሥጋን በተዋሐደ ጊዜ የቃል ክብር ለሥጋ ገንዘብ ሆነ፤ መቀባት የተባለውም ይኸው ተዋሕዶ ነው፥ ከተዋሕዶ በኋላ የሚጨመር ክብር የለም አሉ። በጎጃም የበረቱት የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ልጆች ደግሞ ተዋሕዶን ሳይክዱ፥ ሥጋ የባሕርይ ልጅነትን ክብር ያገኘው በቅብዐት ነው፤ አብ ቀባዒ፥ ወልድ ተቀባዒ፥ መንፈስ ቅዱስ ቅብዕ ነው አሉ። ስማቸውም ከዚህ የተነሣ ቅባቶች ተባለ። ቈይቶም ሦስተኛ ወገን ተነሣ፤ ከአብ ያለ እናት፥ ከድንግል ያለ አባት ከሚባሉት ከሁለቱ ልደታት ሌላ በመንፈስ ቅዱስ የጸጋ ልደት አለው ብለው ሦስት ልደት አስተማሩ፤ እነርሱም የጸጋ ልጆች ተባሉ። ሦስቱም ወገን የኬልቄዶንን ጉባኤ የሚነቅፉ፥ በአንድ ቅዳሴ የሚያስቀድሱ፥ አንድ ዓይነት ጾም የሚጾሙ ነበሩ። ጠቡ የጐረቤት ጠብ ነበር፤ የመረረውም ስለዚህ ነው።

ነገሩ በጉባኤ ብቻ የቀረ ቢሆን መልካም በሆነ ነበር። ዐፄ ቴዎፍሎስ በ1700 ዓ.ም. ሲነግሡ የጎጃምን ሰዎች ልብ ለማግኘት ቅብዐትን አወጁ። በዐፄ ዳዊት ሣልሳዊ ዘመነ መንግሥት ፍጻሜ፥ በ1713 ዓ.ም.፥ በጎንደር የነበሩት የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት በጭፍራ ተገደሉ። ሰው የዳነበትን ምሥጢር ለማስረዳት የተጀመረ ክርክር ወደ ሰው መግደል መድረሱ እጅግ የሚያሳዝን ነው። ከዚያ ወዲህ ማን ምን እንደሚያምን የሚለው ነገር ከየመሳፍንቱ ኃይል ጋራ ይወጣና ይወርድ ጀመር። በ1846 ዓ.ም. በአምባ ጫራ ደጃዝማች ካሣ፥ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፥ ከአቡነ ሰላማ ጋራ ተስማምተው ተዋሕዶን አሳወጁ። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት በወሎ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። ከእስክንድርያው ፓትርያርክ የመጣው መልእክት ተነበበ፤ ሁለት ልደት የሚለው ጸና፥ ሦስት ልደት የሚለው ተወገዘ። አንመለስም ያሉትም ምላሳቸው እንደ ተቈረጠ ይነገራል። በእስክንድርያ ትምህርት ለመጽናት በእስክንድርያ ያልታዘዘ ቅጣት መቅጣት የሚያስመሰግን አይደለም።

ቦሩ ሜዳ ከሁሉ ይልቅ የጸጋ ልጆችን የነካ ጉባኤ ነበር። በምሥራቅ ጎጃም ያለው የቅብዐት ትምህርት በዐዋጅ ቢሸነፍም ከአባት ወደ ልጅ፥ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ ኖረ፤ በቅርብ ዓመታትም በዚያው አገር እንደገና መከራከሪያ ሆኗል። ስለዚህ ካህናቱ ነገሩን በስድብ ሳይሆን በምሥጢሩ ማወቅ ያስፈልጋቸዋል።

የምሥጢሩ መፍቻ ከጎጃም ክርክር ከሺሕ ሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ በእስክንድርያ ተነግሮ ነበር። በ4ኛው መቶ ዓመት አርዮሳውያን በዳዊት መዝሙር ስለ ደስታ ዘይት የተነገረውን ይዘው፥ ወልድ ተቀብቶ ከበረ፥ ስለዚህ ፍጡር ነው ብለው ነበር። ቅዱስ አትናቴዎስም ወልድ ለራሱ ጐድሎት አልተቀባም፥ ሰው ሆኖ የተቀበለው ሁሉ ለእኛ እንዲተላለፍ ነው ብሎ መለሰላቸው። እንግዲህ ሁለት መሰላል አለ። አንደኛው አምላክ ወደ እኛ የወረደበት፥ ሁለተኛው እኛ ወደ እርሱ የምንወጣበት ነው። እኛ አስቀድመን ሰዎች ሆነን እንወለዳለን፥ ኋላም ተጠምቀን ተቀብተን የጸጋ ልጆች እንሆናለን፤ በእኛ ዘንድ መወለድና መክበር በጊዜ ይለያያሉ። በክርስቶስ ግን ሥጋ የነበረበትና ያልከበረበት ጊዜ ቅንጣት ታህል የለም። ቅባቶችም ቢሆኑ ቅብዐቱ በማኅፀን ነው ሲሉ ጊዜውን ሊለዩ አልፈለጉም፤ ነገር ግን የክብሩን ምክንያት ከተዋሕዶ ለይተው በቅብዐት ላይ ሲያኖሩት የእኛን መሰላል ደረጃ በእርሱ መሰላል ላይ እንደ መጨመር ሆነባቸው። የጸጋ ልጆች ስሕተት በዚሁ መንገድ ርቆ የሄደ ነው።

የቅኔ ተማሪ ይህን በሰምና በወርቅ ልመስል ቢል ይሳሳታል፤ አንጥረኛ ወርቁን ሲያፈስስ ሰሙ ቀልጦ ይጠፋልና። ሥጋ በተዋሕዶ አልጠፋም። ይልቅስ ቅዱስ ቄርሎስ ከኢሳይያስ ራእይ ያመጣው የፍሕም ምሳሌ ይሻላል፤ እንጨቱ እንጨትነቱን ሳይለቅ እሳት ዘልቆት ሁለመናው ያቃጥላል። እሳቱም እንጨቱን ለማጋል ሌላ እሳት አይበደርም።

ወደ ሁለተኛው መሰላል ሲመጣ የቢቸናም የሞጣም ሰው፥ በየትኛውም ወገን ቢቈጠር፥ ልጁን ያሳደገው ባንድ ሥርዓት ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፥ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ወደ ክርስትና ትመጣለች፤ ምክንያቱም በመጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40 ቀን ሔዋን በ80 ቀን ገነት እንደ ገቡ ተጽፏልና። ኩፋሌ ዘመንን ሁሉ በኢዮቤልዩ የሚቈጥር መጽሐፍ መሆኑም ሊታሰብ ይገባል። ሕፃኑ ከውኃው እንደ ወጣ ሜሮን ይቀባል፥ በዚያው ዕለት ሥጋውንና ደሙን ይቀበላል። በሮማ ልማድ ሕፃን ከተጠመቀ በኋላ ለሜሮንና ለቍርባን ዓመታት ይጠብቃል፤ በዚህ አገር ግን ሦስቱ ምሥጢራት አይለያዩም፤ የተወለደ ልጅ እስኪያድግ ድረስ ጡት አይከለከልምና።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ልጅነት አንድ ጊዜ ይሰጣል እንጂ አይደገምም፥ በኃጢአት የጐሰቈለው ግን በንስሓ ይታደሳል። መምህራን የዚህን መንገድ መዓርጋት ከመጻሕፍተ መነኰሳት ያወጣሉ፤ እነርሱም ማር ይስሐቅ፥ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ናቸው። ጕዞውን በሦስት ይከፍሉታል፤ ንጽሐ ሥጋ፥ ንጽሐ ነፍስ፥ ንጽሐ ልቡና። ሰውዬውም ወጣኒ፥ ማእከላዊ፥ ፍጹም ይባላል። በሦስቱ ውስጥ 10 መዓርጋት አሉ፤ በመጀመሪያው ሦስት፥ በሁለተኛው አራት፥ በሦስተኛው ሦስት። መጀመሪያው ጽማዌ ነው፥ እርሱም ዝምታ፤ ቀጥሎ ልባዌ፥ ማስተዋል፤ ከዚያ የዝማሬ ጣዕም ይመጣል። ሁለተኛው ክፍል እንባና ፍቅር የሚገኝበት ነው፤ የመጨረሻው ሥላሴን እስከ ማየት ይደርሳል። ይህ ለመነኰሳት ብቻ የተጻፈ የሚመስለው ብዙ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ መዓርጋት ከበረሓ የራቁ አይደሉም፤ ጎሕ ሲቀድ በሬውን ከመጥመዱ በፊት በዝምታ የሚያማትብ ገበሬ በጽማዌ ደጃፍ ቆሟል።

በዛሬ ጊዜ በየመንገዱ ድነሃል ወይ? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው፤ ምእመኑም አዎን ቢል ትዕቢት፥ አይደለም ቢል ክሕደት እየመሰለው ይጨነቃል። መልሱ ከላይ በተነገረው ውስጥ አለ፤ በክርስቶስ ሞት ከባርነት ወጥቷል፥ በጥምቀት ልጅ ሆኗል፥ በንስሓና በቍርባን እየተፈወሰ ነው፥ ፍጹም ጤንነቱን በትንሣኤ ሙታን ይጠብቃል።

ሰውም ሲሞት መንገዱ አልተቋረጠም ተብሎ ይፈታል፤ ቤተ ሰቡም ካህናቱን ጠርተው ተዝካሩን ያወጣሉ፤ ይህም የሚሆነው በ40ኛው ቀን ነው፥ ሕፃኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን በገባበት በዚያው ቍጥር።