የ16 ዓመት ልጅ የምርመራ ውጤት የማን ነው ? ወላጅ የማየት መብት አለው ?

አንድ የ16 ዓመት ልጅ ብቻውን ጤና ጣቢያ ሄዶ የኤችአይቪ ምርመራ አደረገ እንበል። እናቱ ከሰው ሰምታ በማግስቱ መጣች። "ልጄ ነው፣ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ ውጤቱን ንገሩኝ" አለች። ባለሙያው ይነግራታል ?

አጭሩ መልስ ፦ ልጁ ካልፈቀደ አይነግራትም።

ምርመራው የታይፎይድ ቢሆን ወይም ልጁ 14 ዓመቱ ቢሆን ኖሮ ግን መልሱ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። ለምን ? በየተራ እንየው።

🔹 በተለመደው ሕክምና ወላጅ ያውቃል

በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ይለዋል። ወላጆች ደግሞ አሳዳሪዎቹ ናቸው፤ ጤናውን የመከታተል፣ ሲታመም የማሳከም ኃላፊነት አለባቸው።

ስለዚህ ለታይፎይድ፣ ለደም ማነስ ወይም ለስኳር ምርመራ ውጤቱን ወላጅ ቢጠይቅ የሚገርም ነገር የለውም። የልጁ በሽታ ምን እንደሆነ ሳያውቅ እንዴት ያሳክመዋል ?

🔹 ኤችአይቪ ላይ መስመሩ 15 ዓመት ነው

የሀገራችን የኤችአይቪ ምክርና ምርመራ መመሪያ ዕድሜን እንዲህ ይከፍለዋል ፦

👉 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ፦ ራሱ ፈቅዶ ይመረመራል። የወላጅ ፈቃድ አያስፈልገውም።

👉 ከ13 እስከ 15 ዓመት ፦ ያገቡ፣ ያረገዙ፣ ጎዳና ላይ የሚኖሩ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ፣ በወሲብ ንግድ ውስጥ ያሉ ወይም ወሲብ የጀመሩ ከሆነ ራሳቸው መወሰን ይችላሉ።

👉 ከዚህ ውጭ ያሉ ከ15 ዓመት በታች ልጆች ፦ የወላጅ ወይም የአሳዳሪ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ራሱ ፈቅዶ ለተመረመረ ሰው ውጤቱ የሚነገረው ለራሱ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው ፦ "ቤት ይሰማብኛል" ብሎ የሚፈራ ልጅ ጭራሽ አይመረመርም። ካልተመረመረ መድኃኒት አይጀምርም፣ ሌላ ሰው ላይም ሊያስተላልፍ ይችላል።

🔹 ባለሙያው ሚስጥር ቢያወጣስ ?

የ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ሐኪም፣ ነርስ፣ አዋላጅ፣ ፋርማሲስትና ሌሎችም በሥራቸው ያወቁትን ሚስጥር ቢያወጡ በአቤቱታ እንደሚከሰሱ ይደነግጋል። ቅጣቱ ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። ባለቤቱ ከፈቀደ ወይም ፍርድ ቤት ካዘዘ ግን አያስቀጣም። የግል ሕይወት መከበር ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የሰፈረ መብት ነው።

"እኔ ነኝ የከፈልኩት" የሚለውስ ? የካርድና የላብራቶሪ መክፈል የሌላን ሰው ሚስጥር አያስገዛም። ለነገሩ የኤችአይቪ ምርመራ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ነው።

🔹 ሚስጥር ጥቃትን ለመሸፈን አይደለም

ልጁ ወይም ልጅቷ የተመረመሩት ተደፍረው ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ከ18 ዓመት በታች ባለ ልጅ ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት ወንጀል ነው፣ ዝም መባል የለበትም።

⚠️ ከሁሉም በፊት ግን ሰዓቱ ! ኤችአይቪ እንዳይዝ የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ባሉ ቦታዎች ሕክምናውና የሕግ ድጋፉ በአንድ ማዕከል ይሰጣል።

🔹 የተገላቢጦሹም አለ

አንዳንዴ ሚስጥሩን የሚይዘው ወላጅ ነው። ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ይዞ የተወለደ ልጅ "የሳምባ መድኃኒት ነው" እየተባለ ለዓመታት ክኒን ይውጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግን ልጁ ትምህርት ቤት በሚገባበት ዕድሜ፣ ከ6 እስከ 12 ባለው ጊዜ፣ በሚገባው ቋንቋ ቀስ በቀስ እንዲነገረው ነው። ሳይነገረው ያደገ ልጅ አንድ ቀን ከስልኩ ላይ ፈልጎ የመድኃኒቱን ስም ያገኘዋል። ያኔ የሚሰበረው በወላጁ ላይ ያለው እምነት ነው።

✅ ከመመርመራችሁ በፊት

1. ደም ከመስጠታችሁ በፊት "ውጤቱን ለማን ነው የምትነግሩት ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ካልተመቻችሁ ምርመራውን ማቆም መብታችሁ ነው።
2. ካርድ ላይ የማን ስልክ እንደተጻፈ እዩ። የአባታችሁ ቁጥር ከሆነ የሚደወለው ለእሱ ነው።
3. ውጤቱን ፎቶ አንስታችሁ ቤተሰብ በሚጠቀምበት ስልክ ላይ አትተዉት።
4. ብዙ ጤና ጣቢያዎች ላይ ለወጣቶች የተለየ የአገልግሎት ክፍል አለ፣ ጠይቁ።
5. ለጥያቄ የጤና ሚኒስቴር ነጻ መስመር 952 አለ።

ለወላጆች ደግሞ ፦ ባለሙያው "አልነግርዎትም" ሲል ልጅዎን እየቀማዎት አይደለም። ልጁ ነገም ተመልሶ እንዲመጣ በሩን ክፍት እየተወለት ነው። ውጤቱን ለማወቅ አንድ መንገድ ግን ማንም አልዘጋብዎትም ፦ ልጁ ራሱ ደፍሮ እንዲነግርዎት ማድረግ። "ምን ሆነህ ነው የተመረመርከው ?" ብሎ ከመጮህ "ምንም ቢሆን አብረን እንወጣዋለን" ማለት ይቀድማል።